ሁለት ፌስታል፣ አንድ መኪና፦ ስለ ቆሻሻ ደንብ ለምታወጡ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ስለ ቤት ቆሻሻ ደንብ ለምታረቁ፣ ለምታጸድቁና ለምታስፈጽሙ ሁሉ፣ ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለይቼ ያወጣኋቸውን ሁለት ፌስታሎች ይመለከታል

እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመክሰስም ነው።

"እርጥቡን ከደረቁ ለዩ" ያላችሁን ጊዜ ካመኗችሁ ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ከዕቃ ማጠቢያዬ ሥር ሁለት ባልዲ አስቀመጥኩ። አንዱ ለልጣጭና ለትራፊ፣ ሌላው ለወረቀት፣ ለጠርሙስና ለጣሳ። ጠርሙሱን አለቀልቃለሁ። ካርቶኑን እዘረጋለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ደግሞ ከእናንተ ተቆጣጣሪዎች የባሰች ተቆጣጣሪ ሆነችብን። እርጥብ ነገር በደረቁ ባልዲ ውስጥ ያገኘች ቀን ጉድ ነው። አባቷ አንዴ ልጣጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጥሎ እስኪተኛ ድረስ ሲወቀስ አመሸ።

አንድ ጠዋት መኪናው ሲመጣ መስኮት ላይ ነበርን። ሠራተኛው ሁለቱን ፌስታሎች አነሳቸው፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ። ሁለቱንም እዚያው አንድ ሆድ ውስጥ ወረወራቸው። መጭመቂያው ወረደ። ጠርሙሱ ሲደቅ ተሰማን። ልጄ ዞራ አየችኝ።

"ታዲያ ለምን ነበር?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ለዚህ ነው ጥያቄውን ወደ እናንተ የመራሁት።

በሠራተኛው አልፈርድም። የተሰጠው አንድ መኪና ነው፤ መኪናው ደግሞ ያለው አንድ ሆድ ነው። በሳምንቱ አንደኛው ባልዲያችን የወለል መወልወያ ማስቀመጫ ሆነ። የሁለት ወር ልማዳችንን ያፈረሰው የአሥር ሰከንድ ትዕይንት ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ስብሰባ ይጠራል። "ኅብረተሰቡ ቆሻሻ አይለይም" ይባላል። ምክንያቱ ይፈለግና የግንዛቤ እጥረት ሆኖ ይገኛል። የግንዛቤ እጥረት ተፈልጎ ጠፍቶ አያውቅም። ከዚያ ባነር ይታተማል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አንድ ቅዳሜ መንገድ ይጠረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። ባነሩ ራሱ በወሩ ቆሻሻ ይሆናል። ላስቲክ ላይ የታተመ ስለሆነ ደግሞ የትኛው ፌስታል ውስጥ እንደሚገባ የሚያውቅ የለም።

እኔ ግንዛቤ አላነሰኝም ነበር። የስምንት ዓመት ልጄም አላነሳትም። የጎደለን ሁለተኛ መኪና ነው።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ይኸው ነው። ቤታችን ውስጥ የምናደርገው ነገር እናንተ ውጭ የዘረጋችሁትን አሠራር ነው የሚከተለው። የእኔ ባልዲ የእናንተ ደንብ ግልባጭ ነው። የባልዲው ነገር ካላማራችሁ ዋናውን አውጥታችሁ እዩት።

ከባዶ ተነስቼ አይደለም ይህን የምለው። ደቡብ ኮሪያን ተመልከቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) እዚያ ድሮ የቆሻሻ ክፍያ በቤቱ ስፋት ወይም በንብረት ግብሩ ልክ ነበር። አንድ ፌስታል ጣልክ አሥር፣ ሂሳቡ ያው ነው። ስለዚህ ማንም አልቆጠረም። በ1995 አሠራሩ በመላ አገሪቱ ተቀየረ። ቆሻሻ የሚወጣው ለዚሁ ተብሎ በሚሸጥ ከረጢት ብቻ ሆነ። የማንሻው ክፍያ ከረጢቱ ዋጋ ውስጥ አለ። ብዙ የጣለ ብዙ ይገዛል። ተለይቶ የወጣ ወረቀት፣ ጠርሙስና ጣሳ ግን በነፃ ይወሰዳል። በ2005 ደግሞ የምግብ ትራፊን እንዲሁ መሬት ውስጥ መቅበር ተከለከለ። በ2013 የምግብ ትራፊም እንደ መጠኑ ማስከፈል ጀመረ።

እስቲ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ግቢ ውስጥ ቆማችሁ አስቡት። ነዋሪው ትራፊውን ይዞ ይወርዳል። ካርዱን ያስጠጋል። ክዳኑ ይከፈታል። ይደፋል። ሚዛኑ ክብደቱን ያሳየዋል። ሂሳቡ በወሩ ይመጣል። ሰዉ ታዲያ ምን ለመደ? ትራፊውን ሳይወርድ በፊት አንጠፍጥፎ መጭመቅ። ውኃ ይመዝናላ! ይህን ለማስተማር ስንት ባነር ያስፈልግ ነበር? በ1990ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ ውስጥ ጥቅም ላይ ይውል የነበረው የምግብ ትራፊ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነበር። ዛሬ ከመቶ 90 በላዩ ማዳበሪያ፣ መኖ ወይም ጋዝ ይሆናል። የኮሪያ ሰው በ20 ዓመት ውስጥ ፀባዩ ተለውጦ አይመስለኝም። ቀድሞም ሂሳብ ያውቃል፤ የሚያሰላው ነገር ሰጡት እንጂ።

የምግብ ትራፊን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ 60 በመቶው የወጣው ከቤት ነው። ከምግብ ቤት አይደለም፣ ከሱቅ አይደለም፣ ከእኔና ከመሰሎቼ ማዕድ ቤት ነው። እርጥቡ ደግሞ ብቻውን አይበላሽም። ወረቀቱንም ካርቶኑንም ይዞ ይጠፋል። ሌላ ምንም ባትለዩ እርጥቡን ብቻ ብታስለዩን ግማሹ ሥራ ያልቃል። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮችማ ከቆሻሻው ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርጥብ ነው።

ሚዛን አልኩ ብላችሁ ግን ነገ ጠዋት ዋጋ እንዳትለጥፉብን። ዋጋ ብቻውን ሌላ ፀባይ ያመጣል።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ሻርሎትስቪል የምትባል ከተማ በ1992 በእያንዳንዱ ከረጢት 80 ሳንቲም ማስከፈል ጀመረች። ዶን ፉለርተንና ቶማስ ኪናማን የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች 75 ቤቶችን መርጠው ቆሻሻቸውን ከክፍያው በፊትና በኋላ መዘኑት። የቆሻሻው መጠን በከረጢት ሲቆጠር በ37 በመቶ ቀነሰ። እሰይ ያሰኛል። ክብደቱ ግን የቀነሰው በ14 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱ የት ገባ? እግር ሥር። ሰዉ ቆሻሻውን እየረገጠ አንዱ ከረጢት ውስጥ ጠቀጠቀው። ሲያትል ከተማም ቀድሞ ይኸው ታይቶ "የሲያትል ርግጫ" የሚል ስም ወጥቶለታል። ይህስ ያስቃል። የማያስቀው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከቀነሰው ቆሻሻ ውስጥ 28 በመቶ ያህሉ በድብቅ የትም የተጣለ ሊሆን እንደሚችል ባለሙያዎቹ ገመቱ።

ለእኔ የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሰው ለመጣል እንዲከፍል ስታደርጉ፣ ሳይከፍል በሕጋዊ መንገድ የሚያስወግድበትን በር ቀድማችሁ ክፈቱለት። በሩ ከሌለ ጨለማን ተገን ያደርጋል። ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ ከቤቱ ጀርባ ያቃጥላል። ደግሞም የሁሉም ቤት ቆሻሻ በምርጫ የሚመጣ አይደለም። ሕፃን ያለበት ቤት ዳይፐር አለ። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ያለበት ቤትም እንደዚያው። ኮሪያዎቹ ለድሆች ቤተሰቦች ከረጢቱን በነፃ የሚሰጡት ይህ ገብቷቸው ነው።

ስለ ርቀትም አንድ ነገር ልበል፤ አጭር ነው። ካናዳ ውስጥ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አፓርታማዎች ላይ ሙከራ አደረጉ። የትራፊ ማጠራቀሚያውን ከምድር ቤት አንስተው በየፎቁ አስቀመጡት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስብከት የለ፣ ቅጣት የለ። የሚሰበሰበው ትራፊ በ70 በመቶ ጨመረ። ማታ በነጠላ ጫማ ደረጃ የወረደ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ጥናት ሳያነብ ይገባዋል። እኛ ሕንፃ ላይ ገንዳው ያለው ከግቢው ውጭ፣ ማዶ ነው። የደረቁ ገንዳ ደግሞ ከማዶም ማዶ። ዝናብ ቀን የትኛው እንደሚሞላ ገምቱ።

ትንሽ ገንዘብ ብዙ እንደሚሠራ ግን አልክድም። አየርላንድ በ2002 በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ጣለች። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 328 ገደማ ፌስታል ይጠቀም ነበር። ወደ 21 ወረደ። እንግዲህ 15 ሳንቲም ማንንም አያደኸይም። የሠራው ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም፤ ሻጩ "ፌስታል ይፈልጋሉ?" ብሎ መጠየቁ ነው። ሳይጠየቅ ይሰጥ የነበረው ነገር መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ሆነ። ሰው ሲጠየቅ ያስባል። ካሰበ እጁ ላይ ያለው ዕቃ አንድ ብቻ መሆኑን ያያል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰዉ 15ቱን ሳንቲም ለመደውና ቁጥሩ ማንሰራራት ሲጀምር፣ በ2007 ወደ 22 አሳደጉት።

ይህች ማሳደግ የምትባል ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። የአሜሪካዋ ኦሪገን በ1971 በጠርሙስና በጣሳ መጠጥ ላይ 5 ሳንቲም ማስያዣ እንዲከፈል ሕግ አወጣች። ባዶውን የመለሰ ሳንቲሙን ይወስዳል። ጥሩ ሠራ። ግን 5 ሳንቲም በ1971 እና 5 ሳንቲም በ2015 ስማቸው እንጂ ግብራቸው አንድ አይደለም። ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ ተመላሹ ወደ 64 በመቶ ወርዶ ነበር። በ2011 ሕጉን ሲያሻሽሉት ግን አንድ ብልሃት አስገብተውበት ነበር፤ ተመላሹ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ማስያዣው በራሱ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። በ2017 እጥፍ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ተመላሹ ከ80 አለፈ። አዲስ ስብሰባ ሳይጠራ፣ አዲስ ኮሚቴ ሳይቋቋም። ደንብ ስትጽፉ እንዲህ ራሱን የሚያድስ ደንብ ጻፉልን። የገንዘብ መጠን ጽፋችሁ 40 ዓመት ስትረሱት፣ እኛም ደንቡን አብረን እንረሳዋለን።

አሁን ከባድ ወደሆነብኝ ነገር ልግባ። እስካሁን ያወራሁት ስለ እኔ ነው፤ ስለ ባልዲዬ፣ ስለ እግሬ፣ ስለ ሳንቲሜ። ቆሻሻዬን ግን እኔ አልሠራሁትም።

ባለፈው ማታ ዕቃ ማጠቢያው ፊት ቆሜ አንድ ባዶ ማሸጊያ አገላብጣለሁ። ውጩ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ፊቱ ላይ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ቀጭን ላስቲክ ነው፣ በማጣበቂያ ተጣብቋል። ውስጡ ሌላ ከረጢት አለ። ከረጢቱ ሲያዩት ላስቲክ ነው፣ ሲያገላብጡት ያብለጨልጫል። አሉሚኒየም ነው ወይስ ቀለም? በጥፍሬ ፋቅሁት፤ አልለይ አለኝ። ካርቶኑን ለማዳን መስኮቱን ልገነጥል ሞከርኩ። ካርቶኑ አብሮ ተቀደደ። ሰዓቱ ከምሽቱ አራት ሆኗል፤ እኔ እዚያ ቆሜ ፋብሪካ የሠራውን በጥፍሬ ልፈታ እታገላለሁ። ከታች ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፣ ውስጡ ቁጥር ተጽፏል።

ይህን ምልክት ሳየው ለዓመታት "ይህ ዕቃ መልሶ ይሠራል" ማለት ይመስለኝ ነበር። እናንተም ሳይመስላችሁ አልቀረም። አይደለም። የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር በ1988 ያወጣው መለያ ነው፤ ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። የሚቀበለው ፋብሪካ ይኑር አይኑር ቁጥሩ አያውቅም። ምልክቱ ግን ከመልሶ መጠቀሚያው ምልክት ጋር መንትያ ስለሆነ፣ ስንቶቻችን በቅን ልቦና የማይሠራውን ከሚሠራው ጋር ደባልቀን አበላሽተናል። በ2017 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ እስከ 2015 ድረስ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ መልሶ የተሠራው 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አስልቷል። ይህን ቁጥር ይዞ የቤት እመቤትን "ለምን አትለይም?" ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ደንባችሁን ከእኔ ማጠቢያ ሳይሆን ከፋብሪካው በር ጀምሩት። ጀርመን በ1991 ያወጣችው የማሸጊያ ደንብ እንደዚያ ነው ያደረገው። ማሸጊያውን ገበያ ላይ ያወጣ፣ የመሰብሰቢያውንና መልሶ የመሥሪያውን ወጪ ይሸፍን ተባለ። ክፍያው በማሸጊያው ዓይነትና ክብደት ሆነ። ማሸጊያ ያከበደ ብዙ ይከፍላል። ያን ጊዜ መስኮቱ አስፈላጊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ከእኔ ጥፍር ወጥቶ የሂሳብ ክፍላቸው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ኖርዌይ ደግሞ ይበልጥ ተራቀቀች። በመጠጥ ጠርሙስና ጣሳ ላይ የአካባቢ ግብር አለ፤ ተመልሶ የሚሰበሰበው በጨመረ ቁጥር ግብሩ ይቀንሳል፣ 95 በመቶ ሲደርስ ጭራሽ ይቀራል። ባለፋብሪካው ባዶ ጠርሙሱ እንዲመለስለት የሚጨነቅበት አገር አስቡት! እኔ ማታ ማታ የምጨነቀውን እሱ ተረከበኝ ማለት ነው።

ባለፋብሪካዎች ሲከለከሉ ቀዳዳ እንደሚፈልጉም አትርሱ። ካሊፎርኒያ ቀጫጭን ፌስታልን ከለከለች፤ ክልከላው በ2016 ሥራ ላይ ዋለ። ግን ወፍራሙ "ደጋግሞ መጠቀሚያ ነው" ተብሎ በክፍያ ተፈቀደ። ሰዉ ወፍራሙን ገዝቶ እንደ ቀጭኑ አንዴ ተጠቅሞ ጣለው። ውሎ አድሮ የተጣለው የፌስታል ክብደት ክልከላው ከመውጣቱ በፊት ከነበረው በለጠ። በ2024 ወፍራሙንም የሚከለክል ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ። አንድ ቃል ናት ነገሩን ያበላሸችው።

ወደ መስኮቱና ወደ ልጄ ልመለስ። የመተማመን ነገር ነውና ቀላል አይደለም።

ኒውዮርክ ከተማ በ2002 በጀት አጠረኝ ብላ ፕላስቲክና ጠርሙስ ለይቶ መሰብሰብ አቆመች። ፕላስቲኩ በ2003፣ ጠርሙሱ በ2004 ተመለሰ። በወረቀት ላይ የሁለት ዓመት ዕረፍት ነው። ልማድ ግን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ የለውም። "ተውት" የተባለ ሰው ይተዋል። "በሉ እንደገና" ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው "ነገስ?" ብሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ ይብሳል። ቻይና ለረጅም ጊዜ የዓለምን ፕላስቲክ ቆሻሻ ስትገዛ ኖራ በ2018 በሯን ዘጋች። ለተፈቀዱት ጥቂት ዓይነቶች እንኳ ባዕድ ነገር ከ0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም አለች። ያን ጊዜ በሀብታም አገሮች በጥንቃቄ ታጥቦ፣ ተለይቶ፣ በሰማያዊ ቅርጫት ይወጣ የነበረው ብዙው ዕቃ መድረሻ አጣ። የትም አገር ያለ ሰው፣ የለየው ነገር ከመስኮቱ ሥር ካለፈ በኋላ የት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር ማለት ነው። እኛ ቢያንስ ዓይናችን እያየ ነው የተደባለቀብን።

ካሚካትሱ የምትባል ከ1,500 ያነሰ ነዋሪ ያላት የጃፓን መንደር አለች። በ2003 "ቆሻሻ አልባ እሆናለሁ" ብላ አወጀች። ሰዎቹ ቆሻሻቸውን እስከ 45 ቦታ ሲለዩ ኖረዋል። አርባ አምስት! የቆሻሻ መኪና አይመጣላቸውም፤ ራሳቸው ወደ ማዕከሉ ይወስዱታል። ከመቶ 80 ያህሉን መልሰው ይጠቀሙበታል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት "ሰዎቹ ልዩ ናቸው" ብዬ ነው። ኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እዚያ ማዕከል በየሣጥኑ ላይ ይህ ዕቃ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚሆን፣ ስንት እንደሚያስወጣ ወይም እንደሚያስገባ ተጽፎ ተለጥፏል። ልጄ የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ እዚያ ግድግዳ ላይ አለ። 45 ቦታ ለዩ አልላችሁም፤ ለጤናችን። ለሁለቱ ግን መልሱን ለጥፉልን።

"ኅብረተሰቡ ይቀጣ" የሚል ሐሳብ ደግሞ በየስብሰባው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ከቀጣችሁ ማንን? የብሪታንያ አካል የሆነችው ዌልስ የመለየት ግብ በሕግ ስታስቀምጥ ቅጣቱን የጣለችው በቤተሰብ ላይ አይደለም። በአካባቢ ምክር ቤቶቹ ላይ ነው። ግቡን ያልመታ ምክር ቤት በጎደለው በእያንዳንዱ ቶን 200 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ምክር ቤቶቹ ምን አደረጉ? የምግብ ትራፊ በየሳምንቱ ማንሳት ጀመሩ፤ ለትራፊው ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ አደሉ፤ የተደባለቀውን ቆሻሻ ደግሞ አዘግይተው ማንሳት ያዙ። እርጥቡ በየሳምንቱ ከሄደ ቤት አይሸትም፤ ካልሸተተ ሰው ቀሪውን ሁለት ሳምንት ቢያቆየው ቅር አይለውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ5 በመቶ በታች ይለይ የነበረ አገር ከ65 በመቶ በላይ ደረሰ። የዌልስ ሰው ከጎረቤቱ የተሻለ ጨዋ ነው ብዬ አላስብም። ቢሮው ነው የፈራው።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ቦታ ለመለየት ቀርቶ ለማንሳትም መኪና የለም። የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች የሚሰበሰበው ቆሻሻ 39 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ባለበት ቦታ "ለዩ" የሚለው ደንብ ቀልድ ይመስላል። ግን እዚያም የሚለዩ ሰዎች አሉ፤ ሁልጊዜም ነበሩ። ገንዳ ውስጥ ገብተው ጠርሙስና ብረት የሚለቅሙት። የሕንዷ ፑኔ ከተማ በ2008 ከለቃሚዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ውል ገባች፤ ከየቤቱ በር ቆሻሻ እየተቀበሉ፣ ከነዋሪው ክፍያ እየሰበሰቡ ይሠራሉ። ቦጎታ ውስጥ የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ለለቃሚዎቹ ወገነላቸውና ከተማዋ ከ2013 ጀምሮ ለሰበሰቡት በኪሎ መክፈል ጀመረች። አዲስ ደንብ ስታወጡ እነሱን ገፍታችሁ መኪና ከገዛችሁ፣ ያላችሁን ለይቶ የሚሰበስብ ሠራዊት በትናችሁ አዲስ ልትቀጥሩ ነው። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ፌስታል የሚቀበለኝን ሰው ስሙን አውቀዋለሁ። ፊቱን እያየሁ እርጥብ ከደረቅ ደባልቄ መስጠት ያሳፍረኛል። መኪናውን ግን አላፍረውም።

አሁን ምን ፈለግሽ ትሉኝ ይሆናል። ብዙ አይደለም።

በሚቀጥለው ደንባችሁ ላይ "ነዋሪው ቆሻሻውን ለይቶ ያወጣል" የሚለው አንቀጽ መኖሩ አይቀርም። ይኑር። ከእሱ በፊት ግን ሌላ አንቀጽ አስገቡልኝ፤ የተለየውን የሚወስደው ምን እንደሆነ፣ በስንተኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር። ያን አንቀጽ መጻፍ ካቃታችሁ የእኔንም አንቀጽ ለጊዜው ተዉት። ሳትችሉ አታስጀምሩን። አንዴ ጀምረን ያፈርነው ይበቃል። ከቻላችሁ ደግሞ ገንዳውን ከማዶ ወደዚህ አምጡት፤ ለዚህ አንቀጽም አያስፈልገውም፣ አራት ሰው ይበቃል።

ልጄ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። መኪናው ሲመጣ መስኮት ላይ አትቆምም። መወልወያውን ግን ከባልዲው ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

መልሳችሁን በአንድ ወረቀት ብትልኩልኝ ይበቃኛል። በሁለቱም ገጽ ጻፉበት።

ከሰላምታ ጋር፣
የሁለት ባልዲ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለመኪናው ሠራተኛ፣ ቅር እንዳይልህ
ካርቶን ላይ መስኮት ለሚለጥፈው ፋብሪካ
ለልጄ፣ እንድታውቂው